ባለሀብት የገዛው ትንሽ ክለብ ትልቅ ይሆናል?

ሜይ 14 ቀን 1995 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዙ ክለብ ብላክበርን ሮቨርስ የውድድር ዘመኑን የመጨረሻ ጨዋታ ለማድረግ አንፊልድ፣ የሊቨርፑል ሜዳ ላይ ተገኝቶ ነበር። ተከታዩን ማንቸስተር ዩናይትድን የሚበልጠው በሁለት ነጥብ ብቻ ስለነበር ካሸነፈ ዋንጫው የእሱ ነው፤ ካላሸነፈ ግን ዩናይትድ ለንደን ላይ ከዌስትሃም ጋር የሚያደርገውን ጨዋታ ውጤት ለመጠበቅ ይገደዳል። አለን ሺረር ቀድሞ አገባ፤ ከዕረፍት መልስ ጆን ባርንስ ለሊቨርፑል አቻ አደረገ፤ በባከነው ሰዓት ደግሞ ጄሚ ሬድናፕ በቅጣት ምት ያስቆጠራት ኳስ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸናፊ አደረገች። የብላክበርን ተጫዋቾች አንገታቸውን ሊደፉ ሲሉ ግን ከለንደን ወሬ ደረሰ፤ ዩናይትድ ያገኘውን ዕድል ሁሉ ሲያመክን አምሽቶ 1 ለ 1 ወጥቷል። የተሸነፈው ቡድን ሻምፒዮን ሆነ፤ አሠልጣኙ ኬኒ ዳልግሊሽ የአንፊልድ የቀድሞ ጀግና ነበርና የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡለት። ብላክበርን ከዚያ በፊት የሊጉን ዋንጫ ያነሳው በ1914 ነበር።

ከዚህ ታሪክ ጀርባ ያለው ሰው ጃክ ዎከር ይባላል። የብላክበርን ተወላጅ የሆነው ዎከር ከወንድሙ ጋር ያሳደገውን የብረታ ብረት ድርጅት ለብሪቲሽ ስቲል ከ300 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከሸጠ በኋላ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ይደግፈው የነበረውን ክለብ በ1991 በእጁ አስገባ። ክለቡ በዚያን ጊዜ በሁለተኛው እርከን ከግርጌ አካባቢ ይንገታገት ነበር፤ ከተማዋም ብትሆን ከመቶ ሺህ ብዙም የማይበልጥ ሕዝብ ያላት የቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። ዎከር በመጀመሪያ ዳልግሊሽን አመጣ። ቡድኑ በ1992 በማሟያ ጨዋታ አልፎ፣ ልክ ፕሪሚየር ሊጉ በአዲስ ስሙ ሲጀመር ከላይኛው እርከን ደረሰ። ወዲያው ሺረር በእንግሊዝ ክብረ ወሰን በሆነ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ ዋጋ ከሳውዝሃምፕተን ተገዛ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ክሪስ ሰተን በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ተከተለ። ሺረር ሻምፒዮን በሆኑበት ዓመት 34 የሊግ ጎሎችን አስቆጠረ።

ቀጥሎ የሆነውም እንዲሁ መነገር አለበት። ዋንጫው በተነሳ ማግስት ዳልግሊሽ የአሠልጣኝነቱን ሥራ ለረዳቱ ትቶ ወደ ቢሮ ሥራ ተዛወረ፤ በ1996 ሺረር በ15 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን በሆነ ዋጋ፣ ወደ ኒውካስል ሄደ፤ በ1999፣ ከዋንጫው አራት ዓመት በኋላ፣ ብላክበርን ከሊጉ ወረደ። ዎከር በ2000 አረፈ። ክለቡ ተመልሶ አድጎ ለአንድ አሥር ዓመት ያህል ቢቆይም በ2012 እንደገና ወርዶ ከዚያ ወዲህ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አልተመለሰም።

እንግዲህ “ሀብታም ባለቤት ትንሽ ክለብን የዋንጫ ተፎካካሪ ማድረግ ይችላል ወይ” የሚለው ጥያቄ ሁለት ጥያቄ ሆኖ ይቀርባል ማለት ነው። አንደኛው መድረስ ይቻላል ወይ የሚል ነው፤ ለዚህ መልሱ ይቻላል ነው፤ ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ እንዲሉ፣ ብላክበርን በአራት ዓመት ውስጥ አሳይቶታል። ሁለተኛው ደርሶ መቆየት ይቻላል ወይ የሚለው ነው፤ ይህኛው የሚመለሰው ባለቤቱ ስንት አለው በሚለው ሳይሆን ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ፣ መቼ ዋለ፣ ባለቤቱ ኪሱን የዘጋ ዕለትስ ክለቡ በራሱ ገቢ መቆም ይችላል ወይ በሚሉት ነው።

በመጀመሪያ ገንዘብ በእግር ኳስ ውስጥ በትክክል ምን እንደሚገዛ መረዳት ያስፈልጋል። ዜና የሚሆነው የዝውውር ዋጋ ነው። የእንግሊዝ ክለቦችን የሒሳብ መዝገብ ለብዙ ዓመታት የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ያሳዩት ግን ክለቦች በዓመቱ መጨረሻ ላይ የሚይዙት ደረጃ ከዝውውር ወጪያቸው ይልቅ ከደመወዝ ወጪያቸው ጋር አብሮ የሚሄድ መሆኑን ነው። የዝውውር ገንዘብ ለሌላ ክለብ የሚከፈል ሲሆን አንዳንዴ በስህተት ወይም በጥድፊያ የተሰጠ ዋጋ ይሆናል፤ ደመወዝ ግን በየሳምንቱ የሚከፈል ከመሆኑም በላይ የተጫዋቹን እውነተኛ የገበያ ተፈላጊነት ይናገራል። ስለዚህ ተፎካካሪ መሆን ማለት በአጭሩ የተፎካካሪዎችን ያህል ደመወዝ፣ ለአንድ ዓመት ሳይሆን ዓመት ከዓመት፣ መክፈል መቻል ነው።

ትንሹን ክለብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጎበዝ ተጫዋች ከታወቀ ክለብና ካልታወቀ ክለብ እኩል ደመወዝ ቢቀርብለት የታወቀውን ይመርጣል፤ ቻምፒዮንስ ሊግ እዚያ ነውና። ትንሹ ክለብ ሊያስመጣው ከፈለገ ለስሙ ማነስ ማካካሻ የሚሆን ጭማሪ መክፈል ይኖርበታል። ተጫዋቹ ካልሆነለት ደግሞ ያንን ደመወዝ የሚከፍል ሌላ ክለብ ስለማይገኝ ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ተቀማጭ ሆኖ ይከፈለዋል። በሀብታም የተገዙ ክለቦች በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ላይ የሚደናቀፉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ለዚህ ከአንዢ ማካችካላ የተሻለ ምሳሌ የለም። በሩሲያ ዳግስታን የሚገኘውን ይህን ክለብ ባለሀብቱ ሱሌይማን ከሪሞቭ በ2011 መጀመሪያ ላይ ገዛው። ሮቤርቶ ካርሎስ መጣ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሳሙኤል ኤቶ ከኢንተር ሚላን ሲፈርም በዓመት 20 ሚሊዮን ዩሮ እንደሚከፈለው ተዘግቦ በዓለም ከፍተኛው ተከፋይ ተጫዋች ተባለ፤ ጉስ ሂዲንክም አሠልጣኝ ሆነ። በአካባቢው ከነበረው የጸጥታ ሁኔታ የተነሳ ግን ተጫዋቾቹ የሚኖሩትና የሚለማመዱት ሞስኮ አካባቢ ነበር፤ በራሳቸው ሜዳ ለመጫወት ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውሮፕላን በርረው ይሄዱና ጨዋታው እንዳለቀ ይመለሱ ነበር። የሜዳው ባለቤት እንግዳ የሆነበት ክለብ ማለት ይህ ነው። ቡድኑ በ2013 ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያው ክረምት ከሪሞቭ በጀቱን ቆረጠ፤ ኮከቦቹ በሳምንታት ውስጥ ተሸጡ፤ በ2014 ክለቡ ወረደ፤ በ2022 ከሙያዊ እግር ኳስ ጭራሹን ወጣ። ገንዘቡ ሰዎችን ገዝቶ ነበር፤ ሰዎቹ ሲሄዱ አብሮ ሄደ።

የስፔኑ ማላጋ ታሪክም የዚሁ ዘመድ ነው። የኳታሩ ሼክ አብዱላህ አል ታኒ በ2010 ከገዙት በኋላ በማኑዌል ፔሌግሪኒ እየተመራ በላሊጋ አራተኛ ሆነ፤ በ2013 በቻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ዶርትሙንድ ሜዳ ላይ እስከ 90ኛው ደቂቃ 2 ለ 1 ሲመራ ቆይቶ በባከነ ሰዓት በተቆጠሩበት ሁለት ጎሎች ወደቀ። የመጨረሻዋ ጎል ከጨዋታ ውጭ እንደነበረች የማላጋ ሰው እስካሁን ያነሳል፤ እውነቱንም ነው። ግን ዳኛው ባይሳሳትም ቤቱ እየፈረሰ ነበር፤ ኮከቡ ካዞርላ ቀደም ብሎ ተሸጧል፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዩኤፋም ክለቡ ሳይከፍል ባከማቸው ዕዳ ምክንያት የአውሮፓ ውድድር እገዳ የጣለበት ከዚያ ጨዋታ ወራት በፊት ነበር። በ2018 ከላሊጋ ወረደ፤ በ2023 እስከ ሦስተኛው እርከን ዘለቀ።

በዚህ ጊዜ አንባቢ ቼልሲንና ማንቸስተር ሲቲን ያነሳል፤ ትክክልም ነው። ሁለቱ የተሳካላቸው ናቸው፤ ነገር ግን ሲነጻጸሩ ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛው፣ ያን ያህል ትንሽ አልነበሩም። ሮማን አብራሞቪች በ2003 ሲመጣ ቼልሲ በለንደን ሀብታም ሰፈር ያለ፣ ዕዳ ያስጨነቀው ቢሆንም አራተኛ ሆኖ ለቻምፒዮንስ ሊግ ያለፈ ክለብ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በጆዜ ሞሪንዮ ሥር ሻምፒዮን ሲሆን የገባበት ጎል 15 ብቻ ነበር። ሲቲም ቢሆን በ1998/99 በሦስተኛው እርከን ሲጫወት በአማካይ ወደ 28 ሺህ ተመልካች ያገኝ ነበር፤ በ2008 የአቡዳቢ ባለሀብቶች ሲገዙት ደግሞ ለኮመንዌልዝ ጨዋታዎች የተሠራ አዲስ ስታዲየም ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ ሁለቱም የገቡት የኪሳራ ገደብ ሕግ ወጥቶ በሩ ሳይዘጋ ነው። ሲቲ በ2010/11 የውድድር ዘመን ብቻ ወደ 200 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ኪሳራ አስመዘገበ፤ በቀጣዩ ዓመት ሰርጂዮ አጉዌሮ በመጨረሻዋ ደቂቃ ኪውፒአር ላይ ባገባት ጎል ከ1968 ወዲህ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሳ።

ይህን ቁጥር ይዘን ወደ ሕጉ እንሂድ። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 እስከ 2025/26 የውድድር ዘመን በሠራበት የትርፋማነትና የዘላቂነት ሕግ መሠረት አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ሊያስመዘግብ የሚችለው ኪሳራ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳይበልጥ ተደርጎ ነበር፤ ይህም ባለቤቱ አብዛኛውን ከራሱ ካፒታል የሚሸፍን ከሆነ ነው። ሲቲ በአንድ ዓመት ያስመዘገበው ኪሳራ በዚህ ሕግ ለሦስት ዓመት ከሚፈቀደው በእጥፍ ሊጠጋ ምንም ያህል አልቀረውም። ዩኤፋ ደግሞ በአውሮፓ ውድድር የሚሳተፉ ክለቦች ለተጫዋቾችና ለአሠልጣኞች ደመወዝ፣ ለዝውውርና ለወኪሎች የሚያወጡት ገንዘብ ከገቢያቸው 70 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል። ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ሀብታም ይሁን፣ ቡድኑ የሚያወጣው ክለቡ የሚያገኘውን ተከትሎ ነው። የሀብት ፉክክር የነበረው ነገር የገቢ ፉክክር ሆኗል፤ በገቢ ደግሞ ትንሹ ክለብ ትንሽ ነው።

ስለ ሕጉ አሠራር አንድ ነገር ካልተብራራ ክለቦች በየክረምቱ የሚያደርጉት ነገር ግራ ያጋባል። ክለብ ተጫዋች ሲገዛ ዋጋውን በመዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በውሉ ዓመታት እያከፋፈለ ነው፤ በ100 ሚሊዮን ፓውንድ የተገዛና አምስት ዓመት የፈረመ ተጫዋች በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ሆኖ ይመዘገባል። ሲሸጥ ግን ትርፉ በሙሉ በዚያው ዓመት ይገባል። በክለቡ አካዳሚ ያደገ ልጅ ደግሞ የተገዛበት ዋጋ ስለሌለ የተሸጠበት ገንዘብ እንዳለ ትርፍ ነው። በዚህ የተነሳ በሒሳብ የተጨነቀ ክለብ መጀመሪያ የሚሸጠው ያሳደገውን ልጅ ይሆናል። ኒውካስልን እንመልከት። በኦክቶበር 2021 የሳውዲ አረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ 80 በመቶ ድርሻ ሲገዛ ደጋፊው በከተማዋ ጎዳናዎች ጨፈረ፤ ፈንዱ በመቶ ቢሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ሀብት አለው። ሆኖም በጁን 2024 መጨረሻ፣ የሒሳብ ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት፣ ክለቡ ገደቡን ላለማለፍ ሲል በአካዳሚው ያደገውን የአካባቢውን ልጅ ኤሊዮት አንደርሰንን ለኖቲንግሃም ፎረስት፣ ያንኩባ ሚንቴህን ደግሞ ለብራይተን ሸጠ። በእግር ኳስ ካሉ ባለቤቶች ሁሉ ባለጸጋ የሚባለው፣ ልጁን ሸጦ ሒሳቡን አቃና።

ሕጉ ጥርስ የለውም የሚል ካለ ኤቨርተንን ይጠይቅ። ፋርሃድ ሞሺሪ በ2016 ከመጣ በኋላ ለተጫዋቾች ከግማሽ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣ፤ አሠልጣኝ በአሠልጣኝ ላይ ተቀያየረ፤ ውጤቱ ላለመውረድ መታገል ሆነ። በኖቬምበር 2023 ገደቡን በማለፉ 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ በይግባኝ ወደ 6 ዝቅ ቢልም በዚያው የውድድር ዘመን ሌላ 2 ነጥብ ተጨመረበት። ፎረስትም 4 ነጥብ አጥቷል። ማንቸስተር ሲቲ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2023 ከመቶ በላይ በሆኑ የሕግ ጥሰቶች በሊጉ ተከሷል፤ ክለቡ ክሱን አይቀበልም።

ሕጉ ፍትሐዊ ነው ወይ? ፖርትስማውዝ በ2010 ዕዳ አንቆት በኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ የወደቀ የመጀመሪያው የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ሲሆን ለተመለከተ ሰው የገደቡ አስፈላጊነት አያጠያይቅም፤ ባለቤቱ ተሰላችቶ ሲሄድ ዕዳው የሚቀረው ከከተማው ጋር ነውና። በሌላ በኩል ግን በገቢ የሚለካ ገደብ ትናንት ትልቅ የነበረው ዛሬም ትልቅ ሆኖ እንዲቆይ አጥር ይሆናል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ እኔ ሕጉ ከሚጎዳው የሚጠቅመው ይበልጣል ባይ ነኝ፣ ነገር ግን የኒውካስል ደጋፊ በዚህ ባይስማማ አይፈረድበትም። በአንድ ኪስ ላይ የመንጠልጠል ነገር ለእኛም አገር ተመልካች እንግዳ አይደለም፤ የከፍተኛው ሊግ ክለቦቻችን በአብዛኛው የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት በሚመደብ በጀት በመሆኑ የደመወዝ መዘግየት ወሬ በየዓመቱ የምንሰማው ነው።

ሌስተር ሲቲ በዚህ ክርክር ውስጥ ሁልጊዜ በስህተት ይጠቀሳል። አዎን፣ የታይላንዱ ባለሀብት ቪቻይ ስሪቫድሃናፕራብሃ በ2010 ገዝተውታል፤ የ2016ቱ የሊግ ዋንጫ ግን በገንዘብ የተገዛ ዋንጫ አልነበረም። ሪያድ ማህሬዝ ከፈረንሳይ ሁለተኛ እርከን ከግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ባነሰ፣ ጄሚ ቫርዲ ከአምስተኛው እርከን በ1 ሚሊዮን፣ ንጎሎ ካንቴ ከካየን በ5.6 ሚሊዮን ፓውንድ የመጡ ነበሩ። የባለቤቱ ገንዘብ ያደረገው ዕዳውን አጽድቶ የተጫዋች መልማዮቹ በሰላም እንዲሠሩ ጊዜ መስጠት ነው። ጉዳቱ የመጣው ከድሉ በኋላ ነው፤ ደመወዙ በቻምፒዮንስ ሊግ ልክ አደገ፤ ቡድኑ ግን ሁለት ዓመት በተከታታይ አምስተኛ እየሆነ ቻምፒዮንስ ሊጉን ለጥቂት አጣ፤ የባለቤቶቹ ዋና ሥራ የሆነው ከቀረጥ ነፃ ንግድ በኮሮና ምክንያት አየር ማረፊያዎች ሲዘጉ ተዳከመ። በ2023 ወረደ።

ታዲያ በገደብ ውስጥ ባለሀብት ምን ቢያደርግ ይሻላል? ስታዲየም፣ የልምምድ ማዕከልና አካዳሚ ላይ የሚወጣ ገንዘብ በትርፋማነቱ ሕግ ከኪሳራው ስሌት ውጭ ነበር። ብራይተን ይህን ከማንም በፊት የገባው ክለብ ነው ብል አላጋነንኩም። የቀድሞ ሜዳው ተሸጦበት ከ1997 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ከከተማው ርቆ ጊሊንግሃም ሄዶ ሲጫወት ነበር፤ ከዚያም እስከ 2011 ድረስ የመሮጫ መም ባለው የአትሌቲክስ ሜዳ ላይ፣ ዝናብ ሲዘንብ መጠለያ በሌለው ወንበር ከተቀመጠ ደጋፊ ጋር ኖረ። ሀብቱን በውርርድ ስሌት ያፈራው የከተማዋ ልጅ ቶኒ ብሉም በ2009 ሊቀመንበር ሲሆን በመቶ ሚሊዮኖች ፓውንድ የሚቆጠረው ያለ ወለድ ያበደረው ገንዘብ በመጀመሪያ የገባው ስታዲየም ውስጥ ነው። ቀጥሎ የዓለምን ሊጎች በቁጥር የሚመረምር የምልመላ ሥራ ተደራጀ። ሞይሰስ ካይሴዶ በ2021 ከኢኳዶር በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገዝቶ፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ለቼልሲ በ100 ሚሊዮን፣ ጭማሪው ከተሟላ በ115 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ክለቡ በ2022/23 ስድስተኛ ሆኖ ሲጨርስ ከ120 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ትርፍ አስመዘገበ።

ብሬንትፎርድም በማቲው ቤንሃም ሥር ተመሳሳይ መንገድ ሄዶ በ2021 ከ74 ዓመት በኋላ ወደ ላይኛው እርከን ተመልሷል። የዚህ መንገድ ጣሪያም ግን ይታያል። ብራይተን አምሮ በታየ ቁጥር ትልልቆቹ መጥተው አሠልጣኙንም ተጫዋቹንም ይወስዳሉ፤ ግራሃም ፖተር፣ ኩኩሬያ፣ ካይሴዶ ሁሉም ወደ አንድ ክለብ ወደ ቼልሲ ሄደዋል። ክለቡ ሸጦ ይኖራል፤ የሚሸጥ ክለብ ደግሞ ለዋንጫ የሚበቃውን ቡድን ሦስት ዓመት አብሮ ማቆየት ይቸግረዋል።

ጀርመን ውስጥ የክለቡ አባላት የድምፅ አብላጫውን እንዲይዙ የሚያስገድደው ሕግ ባለሀብቶችን ቢያግድም ቀዳዳ አላጣም። ባለሀብቱ ዲትማር ሆፕ ሦስት ሺህ ያህል ሕዝብ ካላት መንደር የሚነሳውን ሆፈንሃይምን በ2008 ቡንደስሊጋ አድርሶ ቡድኑ ለውድድር ዘመኑ አጋማሽ ዕረፍት በመሪነት ወጣ፤ የጨረሰው ግን ሰባተኛ ሆኖ ነው። የመጠጥ ኩባንያው ሬድ ቡል በ2009 የአምስተኛ እርከን ክለብ ፈቃድ ገዝቶ ላይፕዚግን በሰባት ዓመት ቡንደስሊጋ አስገባ፤ በመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛ ሆነ። ላይፕዚግ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት፣ በዚያን ጊዜ በከፍተኛው ሊግ ቡድን ያልነበራት ከተማ መሆኗን ማየት ይገባል፤ ኩባንያው የመረጠው ክለብ ሳይሆን ገበያ ነበር።

ወደ ኒውካስል እንመለስ፤ ያለንበትን ዘመን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው እሱ ነውና። ማርች 16 ቀን 2025 ዌምብሌይ ላይ በሊግ ካፕ ፍጻሜ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያውን የአገር ውስጥ ትልቅ ዋንጫ አነሳ። የመጀመሪያውን ጎል በግንባሩ ያስቆጠረው ዳን በርን በልጅነቱ ከዚሁ ክለብ አካዳሚ አትሆንም ተብሎ የተሰናበተ፣ ባለቤቱ ከተቀየረ በኋላ ከብራይተን በ13 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የመጣ የአካባቢው ልጅ ነው። ሁለተኛውን ያገባው አሌክሳንደር ኢሳክ ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ ኢሳክ አልጫወትም ብሎ ልምምድ አቆመ፤ በዝውውሩ መዝጊያ ቀንም በ125 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በብሪታንያ ክብረ ወሰን፣ ዌምብሌይ ላይ ወዳሸነፉት ወደ ሊቨርፑል ሄደ።